የፕሮስቴት ካንሰርን በኤም አር አይ ማየትና መለካት

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን ዙሪያውን የያዘ የወንዶች ዕጢ ነው። እዚህ ቦታ ካንሰር ሲጠረጠር ለረጅም ጊዜ የተኬደበት መንገድ አንድ ነበር፦ በደም ምርመራ ፒኤስኤ የተባለው ፕሮቲን ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በገባ አልትራሳውንድ እየተመራ ከ10 እስከ 12 ናሙና በመርፌ ይወስዳል። አልትራሳውንድ የዕጢውን ዳርቻ እንጂ ካንሰሩን አጥርቶ ስለማያሳይ፣ መርፌው የሚያርፈው በግምት በተከፋፈሉ ቦታዎች ላይ ነው። አደገኛውን ስቶ፣ ዕድሜ ልክ ጉዳት የማያመጣውን ያገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። የኤም አር አይ ትልቁ ውለታ ቅደም ተከተሉን መለወጡ ነው፤ መጀመሪያ ይታያል፣ መርፌው ከዚያ ይከተላል።

መሣሪያው የሚሠራው በ1.5 ወይም በ3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንደ ሲቲ ስካን የራጅ ጨረር አይጠቀምም። ቲ2 በሚባለው ምስል ላይ ጤነኛው የዕጢው የዳር ክፍል ውሃ ስለሚበዛበት ነጣ ብሎ ይታያል፤ ካንሰር በመሃሉ ጠቁሮ ይለያል። ይሁን እንጂ የዕጢው መቆጣት፣ ጠባሳና ከናሙና በኋላ የቀረ ደምም ይጠቁራሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ምስል የውሃን እንቅስቃሴ ይለካል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። በጤነኛ ቦታ የውሃ ሞለኪውል እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። የካንሰር ሴሎች ግን ተጨናንቀው ስለሚያድጉ ውሃው መፈናፈኛ ያጣል። ይህ በቁጥር ተሰልቶ በካርታ ይወጣል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካንሰሩ ኃይለኛ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ሦስተኛው ምስል ጋዶሊኒየም የተባለ ምስል አድማቂ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚደምቅ የሚታይበት ነው።

የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ያየውን ፓይራድስ በተባለው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 5 ከፍተኛው ጥርጣሬ ነው። በዳሩ ክፍል ዋናው ዳኛ የውሃው እንቅስቃሴ ነው፤ በመሃለኛው ክፍል ግን ቲ2 ይቀድማል። 4 እና 5ን የሚለየው መጠን ነው፦ 1.5 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ወይም ከዕጢው ውጭ መውጣቱ በግልጽ የሚታይ 5 ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ፕሮሚስ የተባለ የብሪታንያ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ፣ ኤም አር አይ ሕክምና ከሚያሻቸው ካንሰሮች 93 በመቶውን፣ የተለመደው ናሙና ግን 48 በመቶውን ብቻ እንደሚያገኝ አሳየ። በሌላ በኩል ኤም አር አይ እንዲህ ያለ ካንሰር በሌለበትም ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ ያነሣል፤ መርፌው ዛሬም ያልቀረው ለዚህ ነው። በ2018 ፕሪሲዥን የተባለው ጥናት 500 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ሲያነጻጽር፣ ኤም አር አይ ከቀደመላቸው 28 በመቶዎቹ ያለ ናሙና ቀሩ፤ ሕክምና የሚያሻው ካንሰር የተገኘውም በ38 በመቶዎቹ ሲሆን በሌላው ቡድን 26 በመቶ ነበር።

ልኬቱ የሚጀምረው ከዕጢው ራሱ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተባዝቶ በ0.52 ሲባዛ ይዘቱ ይገኛል። 5፣ 4.5 እና 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ 47 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ፒኤስኤው 6 ከሆነ፣ ለይዘቱ ሲካፈል 0.13 ይመጣል። ያው 6 በ25 ሚሊ ሊትር ዕጢ ላይ 0.24 ነው። ብዙ ሐኪሞች 0.15ን እንደ ወሰን ይዘው ከዚያ በላይ የሆነውን ይበልጥ ስለሚጠረጥሩ፣ አንድ ዓይነት የደም ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ምክር ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ ቁጥር ከውጤት ወረቀት ላይ ሲጎድል ያሳዝነኛል።

የካንሰሩን መጠን መለካት ይከብዳል። በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዕጢ ጋር ሲመሳከር፣ ኤም አር አይ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል፤ ጫፍ ላይ ከጤነኛ ሴሎች ጋር ተቀላቅሎ የሚያድገው ክፍል በምስል አይለይምና። ካንሰሩን ብቻ አቃጥለው ወይም አቀዝቅዘው የሚያጠፉ ሐኪሞች ከሚታየው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፈው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ካንሰሩ ዝግተኛ ስለሆነ ሳይታከም በክትትል ላይ ያለ ሰው ምስሉን በየጊዜው ያነሣል። ያን ጊዜ ልኬቱ በዚያው ዓይነት ምስልና በዚያው አቅጣጫ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት የካንሰሩ ዕድገት ይሁን የአለካኩ መለወጥ አይታወቅም።