ቅጫም ምንድን ነው?

ቅጫም የራስ ቅማል እንቁላል ነው። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ ርዝመቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሴቷ ቅማል አንድ በአንድ ከጸጉሩ ሥር አጠገብ ትጥለውና ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ ታጣብቀዋለች። ሕይወት ያለው ቅጫም ወደ ቡናማነት ስለሚያደላ በጥቁር ጸጉር ላይ ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጎልቶ የሚታየው ነጩ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅማሉ ወጥቶ የሄደበት ባዶ ቀፎ ነው። እናት ነጭ ነጩን ለቅማ ስትጨርስ ልጇ የጸዳ የሚመስላትም ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ላይ መስከረም ጠብቶ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ በየሰፈሩ አንድ ዓይነት እሮሮ ይሰማል፦ «መድኃኒት ቀብቻት ነበር እኮ፣ ይኸው ተመልሶ መጣ!» ከሌላ ልጅ እንደገና ተጋብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ እዚያው ራሷ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያልነካው ቅጫም ተፈልፍሎ ነው። ስለዚህ ቅማል ማጥፋት ማለት የቅጫምን ቀን መቁጠር ማለት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ቀኑ እንዲህ ነው። ቅጫም ከተጣለ ከ6 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። የወጣችው ትንሽ ቅማል ሦስት ጊዜ ቆዳዋን ትቀይርና በሳምንት ገደማ ታድጋለች፤ ወዲያው እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ያደገች ቅማል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፣ ራስ ላይ እስከ አንድ ወር ትኖራለች፣ በቀን እስከ 8 ቅጫም ትጥላለች። ደም የምትመጠው በቀን ብዙ ጊዜ ስለሆነ ከራስ ላይ ከወደቀች ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አትቆይም።

አሁን መድኃኒቱን እዚህ ላይ አስቡት። በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቀው 1 በመቶ ፔርሜትሪን የቅማሉን ነርቭ ነው የሚመታው። የአልጋ አጎበር የሚነከርባቸው መድኃኒቶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ነገር ግን አዲስ የተጣለ ቅጫም ውስጥ ነርቭ ገና አልተሠራም። የሚመታ ነርቭ ከሌለ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል? ስለዚህ የመጀመሪያው ቅባት የሚራመደውን ይገድላል፣ ከቅጫሙ ግን ብዙውን ሳይነካው ያልፋል። ሁለተኛው ዙር ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በተለይም በ9ኛው ቀን የሚደገመው ለዚህ ነው። ያኔ ዘግይቶ የተጣለው ሁሉ ተፈልፍሏል፤ ቀድሞ የተፈለፈለው ደግሞ የራሱን እንቁላል ለመጣል ገና ጊዜ አላገኘም። ዓርብ ማታ የጀመረ ሰው ሁለተኛውን ዙር የሚያደርገው ሳምንቱ አልፎ በሚመጣው እሁድ ነው። ያቺን እሁድ የዘነጋ ቤት ሥራውን ከሥሩ ይጀምራል።

አቀባቡ ቀላል ነው፣ ግን ስህተት አያጣውም። ሹሩባ ይፈታል፤ ተጎንጉኖ የተጣበቀ ጸጉር ውስጥ መድኃኒት አይገባም። ቅቤ የተቀባ ከሆነ በደንብ ይታጠባል። ኮንዲሽነር አይደረግበትም፣ መድኃኒቱን ከጸጉሩ ይከለክላል። ውሃው በፎጣ ከተመጠጠ በኋላ መድኃኒቱ ከሥር እስከ ጫፍ ይዳረሳል፤ በተለይ ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ። ልጅቷ ዓይኗን በፎጣ ትሸፍን። 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በሻምፖ አይነካም። ለእከክ የሚሸጠው 5 በመቶ ክሬም ሌላ ነው፤ መድኃኒት ቤት ስትገዙ «ለራስ ቅማል» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜው ሁለት ወር ላልሞላ ሕፃን ግን መድኃኒት አይቀባም፣ በእጅና በማበጠሪያ ይለቀምለታል።

መድኃኒት የሌለበት መንገድም አለ፤ እኔ እንዲያውም ትዕግሥት ላለው ቤት እሱን አስቀድማለሁ። ጸጉሩን አርጥቦ፣ ኮንዲሽነር በደንብ ቀብቶ፣ ጥርሱ በጣም በጠበቀ የቅማል ማበጠሪያ ከራስ ቆዳው ጀምሮ እስከ ጫፍ መሳብ ነው። ሚዶ ለዚህ አይሆንም፣ ጥርሱ ሰፊ ነው፤ ቋጠሮውን ለመፍታት ግን ቀድሞ ሚዶ ይግባበት። በእያንዳንዱ ስበት ማበጠሪያውን ነጭ ጨርቅ ላይ እየጠረጋችሁ ተመልከቱ። በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን ይደገማል፤ ከቅጫሙ የሚወጡት ትንንሾቹ ሳያድጉ እንዲለቀሙ ነው። መድኃኒት ለመግዛት ጀልባ መጠበቅ ለሚኖርበት የደቅ ደሴት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ማበጠሪያ ለዓመታት ያገለግላል።

የሰው ልጅም ይህን መንገድ ከያዘው ቆይቷል። በመጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ ተብላ በምትታወቀው ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራች ትንሽ ማበጠሪያ ተገኝታለች። ዕድሜዋ 3,700 ዓመት ገደማ ይገመታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ላይዋ የተቀረጸው ጽሑፍ ሲነበብ «ይህ የዝሆን ጥርስ የጸጉርንና የጢምን ቅማል ይንቀል» የሚል ሆኖ ተገኘ፤ በከነዓናውያን ፊደል የተጻፈ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተገኘው ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። በጥርሶቿ መካከልም የቅማል ቅሪት ነበር። የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ የሚያበጥር ወላጅ ያኔም ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ቅጫም መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ፎረፎር በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ቅጫም በሁለት ጥፍር ተይዞ በጸጉሩ ላይ ካልተጎተተ አይነቃነቅም። ሙጫው ከጸጉሩ ጋር የሚቀራረብ ፕሮቲን ስለሆነ እሱን የሚያሟሟ ነገር ጸጉሩንም ይጎዳል፤ ኮምጣጤም የተባለለትን ያህል አይረዳም። ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከራስ ቆዳው ከዚያ በላይ የራቀ ቅጫም ብዙውን ጊዜ የተፈለፈለ ወይም የሞተ ነው። እንደኛ ባለ ሞቃት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎም ሊጣል ስለሚችል ግን ለውሳኔ የሚራመድ ቅማል ማግኘት ይሻላል። በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ እዩ። ማሳከክን ብቻ አትጠብቁ። የሚያሳክከው የቅማሉ ምራቅ የሚያስነሳው አለርጂ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ልጅ እስከ 4 ወይም 6 ሳምንት ምንም ላያሳክከው ይችላል።

ቅማል አይዘልም፣ አይበርም። ይራመዳል። የሚጋባው ራስ ከራስ ሲነካካ ነው፦ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ሲቀመጡ፣ አንድ ጋቢ ለብሰው ሲተኙ፣ አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው ሲያዩ። ጣና ዳር ሲዋኝ የዋለ ልጅም ቅማሉን ውሃው አይወስድለትም፤ ቅማል ውሃ ሲነካው ጸጉሩን ጨምድዶ ይይዛል፣ ለሰዓታትም ሳይሞት ይቆያል። በየቀኑ የሚታጠብ ራስም፣ ሳምንት የቆየ ራስም ለእሱ ያው ነው። እንዲህ ከሆነ ልጅን «ቅማላም» ብሎ መሳደብ ምን ይባላል? ሕፃኑ ከመሸማቀቅ ሌላ የሚያገኘው የለም፤ ቀጥሎ ሲያሳክከው ደግሞ ይደብቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በቅጫም ምክንያት ልጅ ከትምህርት ቤት መባረር የለበትም ይላል፤ ሲገኝበት ያን ቀን ተምሮ ማታ ቤቱ ይታከም።

ፍርሃቱ የሚመጣው ከሌላ ቅማል ነው። በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የሰውነት ቅማል ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። ሻርል ኒኮል ተስቦ በዚህ ቅማል እንደሚተላለፍ ቱኒስ ላይ በ1909 እ.ኤ.አ. አረጋግጦ በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ግርሻ ዛሬም ከአገራችን አልጠፋም። የልጆች ራስ ላይ ያለው ግን እንዲህ ባለ በሽታ አስተላላፊነት አይታወቅም። ጉዳቱ ከማከክ የሚመጣ ቁስል ነው።

እንግዲህ ከቅማሉ የከፋው አንዳንዴ መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው ነው። ነጭ ጋዝ ልጅ ራስ ላይ አይፈስም። ከሰል ወይም ሻማ አጠገብ እሳት ይይዛል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትንታ ሆኖ ሳንባ ከገባም ይጎዳል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚረጭ የተባይ መድኃኒት፣ ማላታይንም ሆነ ሌላ፣ ፍሊትም ዲዲቲም ጨምሮ፣ ከልጅ ራስ ይራቅ። የራስ ቆዳ ይመጠዋል። የተቀባ ልጅ ለሀጩ ከበዛ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ወይም ካንቀጠቀጠው ጸጉሩንና ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

መላጨት ያለ ጥርጥር ይሠራል፤ ለወንድ ልጅ ብዙ ቤት የሚመርጠውም እሱን ነው። ሴት ልጅ ግን እያለቀሰች አትላጭ፣ አያስፈልግም። ካከሟት በኋላ ሹሩባ መሠራቷ ጸጉሯ ከሌላው ጋር እንዳይነካካ ይረዳል።

ልብስና አልጋው ብዙ አያድክማችሁ። ባለፉት ሁለት ቀናት የተጠቀሙበት ሻሽ፣ ኮፍያ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ማበጠሪያው ከ54 ዲግሪ በላይ በሚፋጅ ውሃ 10 ደቂቃ ይነከር። ከዚህ ይልቅ በመጀመሪያው ማታ የቤቱን ሰው ሁሉ፣ እናትንና አያትን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ማየት ይበልጣል፤ የተገኘበት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም።

ራሱ ከቆሰለና መግል ከያዘ፣ ማጅራቱ ላይ እብጠት ካለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከሁለተኛው ዙር በኋላም የሚራመድ ቅማል ከታየ ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ አትድገሙት፤ ቅማሉ ለምዶት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያው ሌላ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዳይሜቲኮን ወይም አይቨርሜክቲን፣ ያዝላችሁ።