ታላቁ ሩጫ ለአዲስ አበባ ምን ይጠቅማታል?

ጥቅምት ሲያልቅ አዲስ አበባ ውስጥ «ቲሸርት አገኘህ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የቱ ቲሸርት ብሎ የሚጠይቅ የለም። የታላቁ ሩጫ ነው። የሩጫው መግቢያ ያ ቲሸርት ስለሆነ፣ ቶሎ ያልተመዘገበ ሰው መጨረሻ ላይ በዘመድ በወዳጅ ሲያፈላልግ ይሰነብታል።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ህዳር ውስጥ እሑድ ጠዋት የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ነው። የመሠረተው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። የመጀመሪያው ህዳር 1994 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2001) ላይ 10,000 ሰው ይዞ ተካሄደ። በወንዶች ራሱ ኃይሌ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 በላይ ነው። ኮሮና በመጣ ጊዜ እንኳ ቀኑ ተራዝሞ፣ ሰውም ተቀንሶ፣ ጥር 2013 ዓ.ም ላይ ተሮጧል።

እንደኔ ትልቁ ጥቅሙ ብር አይደለም። ታላቁ ሩጫ ከመምጣቱ በፊት ሩጫ የአትሌት ሥራ ነበር። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈበት ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሯጮቻችን እንኮራለን፣ ሌሊት ተነስተን ውድድር እናያለን፣ እናለቅሳለን፣ እንጨፍራለን፣ ግን ራሳችን ጫማ አጥልቀን መንገድ ላይ መውጣት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ትልልቅ ሰዎችማ ጭራሽ ያፍሩ ነበር። ታላቁ ሩጫ ያንን እፍረት ሰበረው። አሁን ህዳር ሲቃረብ የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ጡረታ የወጡት አባት፣ የግቢ ተማሪው ሁሉ ማለዳ ተነስቶ ይለማመዳል። ለዚህ ደግሞ በቂ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሳይለማመዱ ገብተው ዳገት ሲመጣ ትንፋሽ ያጥራል። ብዙ ሰው ለአንድ እሑድ ብሎ የጀመረው ልምምድ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ይቆያል። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች እሑድ ቀን ለመኪና ሲዘጉ ከተማው ነገሩን ቶሎ የለመደው፣ ታላቁ ሩጫ ቀድሞ ስላለማመደው ይመስለኛል።

በዕለቱ ግን ሩጫ ብቻ አይደለም ያለው። የሚፎካከሩት አትሌቶች ከፊት ቀድመው ይሄዳሉ። ለወጣት አትሌት ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የውጭ ማናጀር የሚያየው፣ ስሙ የሚሰማው እዚህ ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን እየሮጠ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የልቡንም በዜማ ይናገራል። በየመንገዱ ሙዚቃ ይለቀቃል። የሰፈሩ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ያበረታታል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጎማውን ዘርግቶ ሯጩ ላይ ውኃ የሚረጭም አለ። ስሙን የማታውቀው ሰው «በርታ፣ ደርሰሃል!» ሲልህ ጉልበትህ ይመለሳል። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በማይተዋወቅበት በኮንዶሚኒየም ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ሩጫው ከሌላ አገር ሯጮችን ይጠራል፤ ከውጭ የሚመጡ ወገኖችም ጉዟቸውን ከሩጫው ጋር የሚያገጣጥሙት አሉ። ሆቴል ይይዛሉ፣ ወደ እንጦጦ ይወጣሉ፣ ከሩጫው በኋላም ወደ ሌላ ክልል ይዘልቃሉ። ትንሹ ነጋዴም ቀኑን ያውቀዋል። ባንዲራ፣ ኮፍያ፣ መነጽር፣ ውኃ፣ ቆሎ ይሸጣል። ፊት ላይ ቀለም የሚቀቡ ልጆች ብሩሻቸውን ይዘው በማለዳ ይሰለፋሉ። ሩጫው ካለቀ በኋላ ደግሞ ቁርስ ቤቱ ሁሉ የሩጫውን ቲሸርት በለበሱ ሰዎች ይሞላል፤ ፉሉ፣ ጨጨብሳው፣ ክትፎው፣ ማኪያቶው አይደርስም። እኔ ይሄንን ገቢ ከሁሉም አብልጬ አየዋለሁ፣ ምክንያቱም በቀጥታ ሰፈር ውስጥ የሚቀር ነው። ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ወዲያው ወደ ቤቱ ቢበተን ሰፈሩ የሚተርፈው የተዘጋ መንገድ ብቻ ነበር።

ከሩጫው ጋር ተያይዞ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ገንዘብ ይሰበሰባል። ስለ ጤና፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ ልጆች መልእክት ይተላለፋል።

ታላቁን ሩጫ በሚያዘጋጀው ድርጅት ስር ሌሎች ሩጫዎችም ተወልደዋል። ሴቶች ብቻ የሚሳተፉበት የ5 ኪሎ ሜትሩ «ቅድሚያ ለሴቶች» ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ በመጋቢት የሴቶች ቀን ሰሞን ይካሄዳል። እናት ከልጇ፣ የሥራ ባልደረባ ከባልደረባዋ ጋር ሆና ጎዳናውን ሙሉ ለሙሉ የራሷ የምታደርግበት ጠዋት ነው። ማንም ሳይለክፋት፣ ማንም ሳያስቸግራት መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ሴቶች ያውቁታል። የልጆች ሩጫም አለ። ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ የሀዋሳው ግማሽ ማራቶን አለ። በሀዋሳ ጥቅሙ የበለጠ ዓይን ላይ ይወድቃል፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ሰው ጓዙን ይዞ ሲመጣ አልጋው፣ ባጃጁ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ቤት ሁሉ ወዲያው ይሰማዋል።

ችግር የለውም ማለት አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ታማሚ ይዞ የወጣ ሰው ይቸገራል፣ ቤተክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች ዙሪያ ጥምጥም ይዞራሉ። የውኃ ኮዳውም መንገዱን ይሞላዋል። ሩጫው የሚውለው ደግሞ ህዳር ሲታጠን ሰሞን ነው፤ ህዳር 12 ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው። ያንን ልማድ ከሩጫው ጋር ማገናኘት ይቻላል። ሩጫው የሚያልፍበት ሰፈር ወጣት ኮዳውን እንዲለቅምና ሸጦ እንዲጠቀምበት አስቀድሞ ቢደራጅ፣ ለቆሎና ለውኃ ሻጮችም መንገዱ ዳር የታወቀ ቦታ ቢሰጣቸው፣ ነዋሪው የሚዘጋውን መንገድና ሰዓቱን ከሳምንት በፊት በየደጁ ቢነገረው፣ እሑዱ ለማይሮጠውም ሰው ይመቸው ነበር።