ራሙን ማን በላው? ከበስተጀርባ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚወሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ሥራዬ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ነው። አንዳንዴም ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እደርሳለሁ። በየሳምንቱ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ። «ራሜን የሚበላ ነገር ገብቶብኛል።»

ሰው እዚህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ታስክ ማናጀርን፣ ማሽኑ ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት፣ ከከፈተ በኋላ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫን የማያውቃቸው ስሞች ይደረደሩበታል። እሱ የከፈተው ዎርድና ክሮም ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከየት መጣ? ይደነግጣል። ከዚያ ወይ ያገኘውን መዝጋት ይጀምራል፣ ወይ «ፎርማት አድርግልኝ» ይለኛል፤ ዲስኩን አጥፍተህ ዊንዶውስን ከአዲስ ጫንልኝ ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ፎርማት አያስፈልገውም። ሰው ለማያስፈልግ ነገር ገንዘብ ከፍሎ፣ በዚያ ላይ የልጆቹን ፎቶ ሲያጣ ማየት ያመኛል። ስለዚህ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ራሙ 70 በመቶ ተይዟል፤ ማሽኑ ታሟል»

ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ሰኞ ገበያ ያለ አንድ ባለሱቅ አስቡ። መጋዘኑ ጓሮ ነው። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን ግን ከባንኮኒው ስር ያደርጋል። ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ጓሮ መመላለስ የለበትማ። ሃርድ ዲስኩ መጋዘኑ ነው፤ ራሙ ደግሞ ከባንኮኒው ስር ያለው ቦታ። ያ ቦታ ባዶ ቢውል ለባለሱቁ ምን ይጠቅመዋል?

ዊንዶውስም እንደዚሁ ነው የሚያስበው። ትርፍ ራም ካገኘ ቀደም ብላችሁ የከፈታችሁትን ፋይልና ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም እዚያ ያቆየዋል። በፈረንጆቹ 2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የተመደበ «ሱፐርፌች» የሚባል አገልግሎት አለ። ዛሬ «ሲስሜይን» በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ»፣ ቀጥሎ «ሜሞሪ» የሚለውን ተጫኑ። «ኢን ዩዝ» የሚለው ፕሮግራሞች አሁን የያዙት ነው። «ካሽድ» የሚለው ያስፈልግ ይሆናል ተብሎ የቆየው ነው። «አቬይለብል» የሚለው ደግሞ አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ ወዲያው ሊሰጠው የሚችል ቦታ ነው። ካሽድ ላይ ያለው አብዛኛው እዚህም ተቆጥሯል፤ ቦታው ከተፈለገ ይለቀቃል። እኔ መጀመሪያ የማየው አቬይለብልን ነው።

ሌላም ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ምንም ሳይከፈትበት ግማሽ ያህሉን ቢይዝ አይገርምም። 16 ጊጋ ያለው ደግሞ ያንኑ ዊንዶውስ ጭኖ ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። ቤቱ ሲሰፋ ዊንዶውስ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሲጠብበት ደግሞ ይሰበስባል።

እንግዲያው መቼ ነው መጨነቅ ያለብን? ሜሞሪው ከ90 በመቶ አልፎ፣ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ቆሞ አልወርድ ሲል ነው። የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ሲንጫጫ ትሰሙታላችሁ። ያኔ ራሙ አልበቃ ብሎ ዊንዶውስ ዕቃውን ወደ ዲስኩ፣ «ፔጅ ፋይል» ወደሚባለው ቦታ እያመላለሰ ሊሆን ይችላል። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው።

«ሰርቪስ ሆስት የሚባል ቫይረስ ሃምሳ ቦታ ተራብቷል»

ይሄንን የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው። ሰርቪስ ሆስት ቫይረስ አይደለም። የዊንዶውስ አገልግሎቶችን ተሸክሞ የሚያሠራ ነው። ኔትወርኩ፣ ድምፁ፣ ሰዓቱ፣ አፕዴቱ፣ ሁሉም በእሱ ትከሻ ላይ ናቸው።

የበዛበት ምክንያት ደግሞ ይታወቃል። ድሮ ብዙ አገልግሎቶች በአንድ ሰርቪስ ሆስት ውስጥ ታጭቀው ይሠሩ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይወድቃል። በፈረንጆቹ 2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ይሄን ቀየረው። ኮምፒውተሩ ከ3.5 ጊጋ በላይ ራም ካለው አብዛኞቹ አገልግሎቶች የየራሳቸው ቤት ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ራም ስትጨምሩ የሰርቪስ ሆስት ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ራም ጨምሬለት «ቫይረሱ በዛ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዝርዝሩ ረዝሟል። የበዛው ግን ቫይረስ አልነበረም።

ጥርጣሬው ግን ከንቱ አይደለም። ቫይረስ ሠሪዎች ይህን ስም ይወዱታል። አንድ ፊደል ለውጠው ወይም አቀያይረው ይጠሩበታል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። እውነተኛው ሰርቪስ ሆስት የሚገኘው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለው «ሲስተም 32» ነው። ዳውንሎድ ወይም ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ፎልደር ውስጥ ካገኛችሁት ጠርጥሩ።

«የማላውቀውን ሁሉ ኢንድ ታስክ አደርጋለሁ»

ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያላት አንዲት እህት አንድ ከሰዓት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ሞተብኝ። የልጅቷ ጽሑፍ ውስጡ ነው።» ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስተካክል ዎርድ ከፍታ ነበር፤ ሴቭ አላደረገችም። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ታስክ ማናጀር ገብታ፣ «ዲቴይልስ» የሚለው ገጽ ላይ የማታውቀውን ስም ሁሉ መዝጋት ጀመረች። አንዱን ስትዘጋ ታችኛው መስመር ጠፋ። አይኮኖቹም ጠፉ። የቀረው ባዶ ስክሪንና የማውሷ ቀስት ብቻ ሆነ።

እጇ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ነበር። «አብሽሪ እህቴ፣ እሱን ብቻ አትንኪው» አልኳት። የዘጋችው «ኤክስፕሎረር» የሚባለውን ነበር። ዴስክቶፑንና ታስክባሩን የሚያሳየን እሱ ነው። ዎርድ ግን ሌላ ፕሮሰስ ነው፤ ማለትም ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም። ባይታያትም ሳይነካ ተቀምጧል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አስጫንኳት። «ፋይል»፣ ከዚያ «ራን ኒው ታስክ»። ኤክስፕሎረር ብላ ጻፈችና ኢንተር መታች። በስልኩ የተማሪዋ «ተመለሰ!» የሚል ጩኸት ተሰማኝ። ጽሑፏ ምንም አልሆነም። ማሽኑ በቁልፍ ቢጠፋ ኖሮ የከሰዓቱ ሥራ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ኤክስፕሎረር ቀላሉ ነው። ዊንዶውስ ያለ እነሱ ሊሠራ የማይችልባቸው ፕሮሰሶችም አሉ፤ እነሱን በግድ ብትዘጉ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። ማስጠንቀቂያ ከወጣላችሁ አንብቡት፣ ዝም ብላችሁ «የስ» አትበሉ። መዝጋት የሚገባችሁ የምታውቁትንና ራሳችሁ የከፈታችሁትን ነው። ከበስተጀርባ የሚነሳ የማትፈልጉት ፕሮግራም ካለ ደግሞ «ስታርትአፕ» የሚለው ገጽ ላይ «ዲሴብል» አድርጉት። ኮምፒውተሩ ሲበራ አይነሳም፣ ስትፈልጉት ግን ይከፈታል።

በነገራችን ላይ እዚያው ዲቴይልስ ገጽ ላይ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 97 በመቶ ሲፒዩ (የኮምፒውተሩን አንጎል) ይዞ ስታዩ አትደንግጡ። ያ ቁጥር ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን የሲፒዩ አቅም ነው የሚያሳየው። ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው።

«ሪፍሬሽ፣ ቴምፕ፣ ፕሪፌች»

አስተውሉ፣ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር እንደከፈትን ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገን ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ እንላለን። ሲያስተምሩን ጀምሮ የገባ ልማድ ነው። ሪፍሬሽ አይኮኖቹን እንደገና ይስላቸዋል፤ በቃ። ከራም አንዲት ሜጋ አያስለቅቅም።

ፕሪፌች የሚባለውን ፎልደር ማጽዳት ግን ጉዳት አለው። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ያደርጉታል፣ ቅር ይለኛል። እዚያ ያሉት ትንንሽ ፋይሎች የትኛው ፕሮግራም ሲነሳ ከዲስክ ምን ምን እንደሚፈልግ የተመዘገበባቸው ናቸው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ስታጠፏቸው ፕሮግራሞቹ ቀጥሎ ሲከፈቱ ይዘገያሉ። ቴምፕን ማጽዳት ዲስክ ላይ ቦታ ያስገኛል፤ ከራም ጋር ግን አይገናኝም።

ራም አጽጂ ነን የሚሉትም ፕሮግራሞች እንደዚያው ናቸው። ቁልፉን ስትጫኑ ቁጥሩ ከ80 ወደ 45 ይወርዳል፤ ደስ ይላል። ያደረጉት ግን ፕሮግራሞቹ የያዙትን ነገር አስጥሎ ማስወጣት ነው። ወደ ዎርዳችሁ ስትመለሱ የተጣለው ሁሉ እንደገና ይሰበሰባል። ባለሱቁ ስኳሩን ጓሮ ወስዶ ደንበኛ ሲመጣ ሊያመጣው ይሮጣል እንደማለት ነው። አጽጂው ራሱም ቁጭ ብሎ ራም ይይዛል።

«ፊልሞቹን ልሰርዝና ራሙ ይቅለለው»

እኛ ጋ «ሜሞሪ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው። ግራ መጋባቱ ከዚያ ይመጣል። ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፊልም ካልተከፈተ ራም አይዝም። ሁሉንም ብትሰርዙት የራም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላ ግን ሌላ ነው፤ ፔጅ ፋይሉ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ እዚያ ጥቂት ጊጋ ትርፍ ይኑራችሁ።

«ዲፌንደሩን አጥፋልኝ፣ እሱ ነው የሚያከብደው»

እምቢ የምለው ጥያቄ ይሄ ነው። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» የሚለው ስም የዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ማለትም የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ ነው። ፋይል ሲፈትሽ ራምም ሲፒዩም ይወስዳል፣ ልክ ነው። በተለይ መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ ለቀናት ሳይበራ ሰንብቶ ሲነሳ ፍተሻውና አፕዴቱ ሊደራረቡ ይችላሉ። ትንሽ ጊዜ ስጡት። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ በቀን ስንት ሰው ፍላሹን ሰክቶ ይሄዳል? አንዱ ፍላሽ ያመጣውን ሌላው ይዞት ቤቱ ይገባል። ያንን በር ክፍት መተው ለእኔ የማይታሰብ ነው።

«ክሮም አንድ ከፍቼ ሃያ ሆነ»

ክሮም በፈረንጆቹ 2008 ሲወጣ ጀምሮ እንደዚህ ነው የተሠራው። ታቦቹን በተለያየ ፕሮሰስ ይከፋፍላል፤ በኋላ የመጡትን ተጨማሪ መሣሪያዎቹንም (ኤክስቴንሽኖቹን) እንዲሁ። አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላው እንዳይወድቅ፣ የባንካችሁንም ገጽ ሌላ ድረ ገጽ እንዳይሰልለው ነው። የትኛው ታብ እንደሚበላ ማወቅ ከፈለጋችሁ ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጫኑ። የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሴቲንግ ውስጥም «ሜሞሪ ሴቨር» የሚባል አለ፤ ያልነካችኋቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል።

«አጥፍቼ አበራሁት፣ ምንም ለውጥ የለም»

ይሄኛው ያስገርማል፣ ግን እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉ የከፈታችሁት ፕሮግራም ይዘጋል። የዊንዶውስ ውስጠኛው ክፍልና ድራይቨሮቹ (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) ግን ባሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጡና ስታበሩት ይመለሳሉ። አንድ ድራይቨር ራም እየያዘ መልሶ የማይለቅ ከነበረ ችግሩም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሁሉንም ከአዲስ የሚያስነሳው «ሪስታርት» ነው። እኔ ቤታችሁ ከመምጣቴ በፊት በስልክ መጀመሪያ የማስደርጋችሁ እሱን ነው።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ኮምቦልቻ አንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ 4 ጊጋ ራም የነበረውን ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ተቸግሮ ባጠራቀመው ገንዘብ 4 ጊጋ ጨምሮበት 8 አድርሶታል። አሁንም ግን ኦቶካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ሲከፍት ይታነቃል። «ሻጩ የማይሠራ ራም ሰጠኝ» ብሎ ነው የሚያምነው። የሲስተሙን መረጃ ከፈትኩለት። 8 ጊጋ ይላል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ 3.4 ብቻ እንደሚጠቀም ተጽፏል። ራሙ ደህና ነው። የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ነበር፤ ከ4 ጊጋ በላይ ቢሰጡት አያየውም።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያሳየኝ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያ 64 ቢቱን ጫንኩለት። ማታ ላይ ያንኑ ገጽ ስንከፍት 7.8 ይላል። ኦቶካዱን ከፈተ፣ ከጎኑ ክሮም ከፈተ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዲስኩን መብራት ተመለከተ። አንዴ ብልጭ አለና ቆመ።