የቆረቡ ባልና ሚስት፦ በጎጃም የሽምግልና ኑሮና የደብር አገልግሎት

በጎጃም ገጠር አብዛኛው ሰው በሕፃንነቱ ይቆርባል፣ ለአካለ መጠን ሲደርስ ይተዋል፣ ሲሸመግል ይመለስበታል። በመካከሉ ያለው የእርሻ፣ የልጅና የሰማንያ ትዳር ዘመን ነው። ልጆች ተድረው ጎጆ ሲወጡ ባልና ሚስት ለነፍስ አባታቸው ነግረው አብረው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ፤ የቀረው ዕድሜ በጾም፣ በጸሎትና ለደብሩ በሚሆን የእጅ ሥራ ያልፋል። ከሩቅ ሲታይ የዕረፍት ኑሮ ይመስላል። ሰዓቱ ግን ከገበሬ ሰዓት የጠበቀ ነው። ማን እንደሚያርስላቸውና ማን ውኃ እንደሚቀዳላቸው አስቀድመው ያልቆረጡ ሽማግሎች ቁርባናቸውን ጠብቀው መዝለቅ ይከብዳቸዋል።

ለምን በስተርጅና

ዋናው ምክንያት የቁርባን ትዳር መፍቻ የሌለው መሆኑ ነው። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ባይስማሙ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍለው ይለያያሉ፤ የቆረቡ ግን እስከ ሞት የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎች ትዳሩ በዘመን ብዛት መፈተኑን ሳያዩ አይደፍሩትም። ሁለተኛው የንጽሕና ሥርዓት ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ መቅደስ አትቀርብም፤ ወንድ ልጅ ስትወልድ 40፣ ሴት ልጅ ስትወልድ 80 ቀን ትጠብቃለች። ባልና ሚስት ከቁርባን በፊት 3 ቀን፣ ከቁርባን በኋላ 2 ቀን በመኝታ ይለያያሉ። ወላድ ለሆነች ወጣት ገበሬ ይህን ሁሉ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መሰናክሉ ራሱ ይነሣል።

ካህናትና ዲያቆናት በዚህ ልማድ አይካተቱም። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቁርባን መጋባት ስላለበት፣ እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ባሉ የትምህርት አገሮች ዙሪያ በወጣትነታቸው የቆረቡ ባልና ሚስት ሞልተዋል። በድንግልና ለሚጋቡ ሥርዓተ ተክሊል ይደርስላቸዋል። በሰማንያ ኖረው ለሸመገሉ ግን አክሊል የለም፤ ንስሐ ገብተው፣ ጸሎት ተደርጎላቸው ይቆርባሉ።

ከመቁረብ በፊት የሚጠናቀቀው

የነፍስ አባት መጀመሪያ ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ያናዝዛል፤ ከዚያ ቀኖና ይሰጣል። ቀኖናው እንደ ሰዉ ጉልበትና እንደ ኃጢአቱ ይለያያል፦ ጾም፣ ስግደት፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ በስግደት ፋንታ ምጽዋት ወይም የጸሎት ብዛት ሊታዘዝለት ይችላል።

ከቀኖናው ይልቅ ጊዜ የሚወስደው የዓለም ጉዳይ ነው። ቂም ያለበት፣ ዕዳ የያዘ፣ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን የሚካሰስ ሰው አይቆርብም። በዘመዱ ደም ያለበት ቤተሰብ ደግሞ በሽማግሌ ታርቆ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ዕርቁ በካህን ፊት መጽናት አለበት። ይህን ሳይጨርሱ ቀኖናውን ብቻ ፈጽመው ቀን የሚቆርጡ አሉ፤ ሲቃረብ ባለጋራው «እኔን ሳይታረቀኝ?» ብሎ ለካህኑ ይናገራል፣ ነገሩም በአደባባይ ይቋረጣል። በቅደም ተከተል መጀመሪያ ዕርቅ፣ ቀጥሎ ንስሐ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

የመሬቱ ጉዳይም አብሮ ይቆረጣል። ሽማግሎቹ ራሳቸው ማረስ ሲያቅታቸው ለአንድ ልጅ ይሰጡታል ወይም ለሌላ ገበሬ በእኩል ያሳርሱታል። በእኩል ሲሆን ዘርና ማዳበሪያ ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው በምስክር መነገር አለበት፤ ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በእህሉ ሳይሆን በገለባው ነው። ለልጅ ሲሰጥ ደግሞ ቃል ብቻ አይበቃም። ጧሪው ልጅ ዓመታት አርሶ «የእኔ ነው» ማለቱ፣ ሌሎቹም ከቀብር በኋላ መክሰሳቸው የተለመደ ነው። ስጦታው በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ የይዞታ ደብተሩ የባልም የሚስትም ስም ካለበት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

የቁርባን ቀን

ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ምንም አይቀመስም፣ ውኃም ቢሆን። እሑድ ጧት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው የመጨረሻውን ምግብ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። በዐቢይ ጾም የዘወትር ቀናት ቅዳሴው ወደ ማታ ስለሚገፋ ሰዓቱ ይለወጣል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለሚቆርብ መጨረሻው ያለፈው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ሒሳብ በትክክል መያዝ የሚስቲቱ ሥራ ይሆናል፤ እራቱን አስቀድማ ካላደረሰች ሁለቱም ይቀራሉ።

ብዙ ጊዜ ቁርባን የሚያስቀሩ ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ጧት አፍ ሲጉመጠመጡ ውኃ መዋጥ፣ በመፋቂያ ድድ ማድማት፣ ነስር፣ የሚደማ ቁስል፣ ማስመለስ። የቆረቡ ሽማግሎች በዚያ ጧት መፋቂያ አይነኩም። ደም የወጣው ሰው ለነፍስ አባቱ ይነግራል እንጂ ደብቆ አይቀርብም።

በጎጃም በብዛት የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ቆራቢዎች ቅድስት ውስጥ ሴቶች በደቡብ፣ ወንዶች በሰሜን ሆነው ያስቀድሳሉ፤ ባልና ሚስት አብረው ቢመጡም አብረው አይቆሙም። ቅዳሴው በቁም የሚሰማ ስለሆነ ሽማግሌ ያለ መቋሚያ አይሄድም። ሥጋውን ካህን፣ ደሙን ዲያቆን በእርፈ መስቀል (በመስቀል ማንኪያ) ያቀብላል። ከዚያ ጸበል ይጠጣል፤ አፍ በነጠላ ተሸፍኖ ይወጣል። በዚያ ቀን አይተፋም፣ ገላ አይታጠብም፣ አይሰገድም፣ ሩቅ መንገድ አይኬድም፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ ያለ ተላምጦ የሚተፋ ነገር አይበላም፣ እሾህ እንዳይወጋ በባዶ እግር አይኬድም። ሳል ያለበት ሰው ከሁሉ ይልቅ ስለሚቸገር ብዙ ጊዜ ሕመሙ እስኪሻለው ይቆያል።

የዘወትር ቀን

ዶሮ ሲጮኽ ይነሣሉ። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው 150ውን መዝሙር ለሰባቱ ቀናት ከፍሎ የዕለቱን ይደግማል፤ ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ በቀን የተከፈለ ነው። ፊደል ያልቆጠረ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ በመቁጠሪያው 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይላል። ከዚያ ለኪዳን (ለጧቱ ጸሎት) ወደ ደብሩ ይወጣሉ። በክረምት ዋልካው ስለሚያዳልጥና ወንዝ ስለሚሞላ ቤታቸው ከወንዝ ማዶ የሆኑ ሽማግሎች ለነፍሳቸውም ለአጥንታቸውም ይሰጋሉ፤ አቅም ያላቸው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ትንሽ ጎጆ ያሠራሉ።

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፤ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ነፃ ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በእነዚህ ላይ የሐዋርያት ጾምና ገሃድ (የገናና የጥምቀት ዋዜማ ጾም) ሲጨመሩ ከዓመቱ የሚበዛው ያለ ሥጋና ወተት ያልፋል። ጥርስ ላለቀበት ሰው የጾም ምግብ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቆሎ ስለማይቻል የጮቄ አካባቢ ሰው ገብሱን በሶ ያስፈጫል፤ ሱፍና ተልባ ተወቅጠው ፍትፍት ይሆናሉ። በባዶ ሆድ ተልባ ብቻ ጠጥቶ መዋል ሆድ እንደሚያበላሽ ልምድ ያላቸው ሴቶች ያውቃሉ፤ በሽሮ ያስቀድሙታል።

መገበሪያና ጧፍ

የሴቲቱ ትልቁ አገልግሎት መገበሪያ ነው። ለኅብስቱ የሚሆነው ስንዴ መጀመሪያ ከጠጠርና ከእንክርዳድ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በእጅ ወፍጮ ይፈጫል። ወደ ሞተር ወፍጮ የማይወሰደው ድንጋዩ ላይ የቀረ የጤፍ ወይም የበቆሎ ዱቄት ስለሚቀላቀልበት ነው። ሳይደርቅ የተፈጨ ስንዴ ይሻግታል፤ በክረምት ይህ ስለሚያጋጥም ጥንቁቆቹ የክረምቱን መገበሪያ በግንቦት አጥበው አድርቀው ያስቀምጣሉ። መጋገሩ የካህናቱ ነው፤ ቤተ ልሔም ውስጥ ሴት አትገባም። ዘቢብ ከገበያ ይገዛል፤ ሻጋታ የያዘው አይወሰድም።

ጧፍ በባልም በሚስትም ይሠራል። በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ድር ይታጠፋል፤ በቀለጠ ሰም ውስጥ እያለፈ በጣት ይሳባል፣ በለስላሳ ጣውላ ላይ ይድበለበላል። ሰሙ እሳት ሲበዛበት ይቃጠልና ይጨሳል፣ ድሩም ላይ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጓጉላል፤ ውስጡ ያልረጠበ ድር እየተጫጫሰ ጥላሸት ያወጣል። ሰሙ ከቀለጠ በኋላ ከእሳት ወረድ አድርጎ፣ ጣት ሲችለው መጀመር ነው። ጎጃም የማር አገር በመሆኑ ሰም ከጠጅ ቤትም ከንብ አርቢም ይገኛል፤ ቆሻሻው እንዲዘቅጥ በውኃ ተፈልቶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ ይያዛል። ሞራ የተቀላቀለበት ጧፍ ለመቅደስ አይሆንም፤ ሽታውም ያጋልጠዋል።

ወንዱ ቅጽር ያጥራል፣ ችግኝ ያጠጣል፣ የሰንበቴውን ተራ ያስታውሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ቆራቢ ስለማይምል፣ በሐሰት ስለማይመሰክርም፣ በወሰን ጉዳይ ቃሉ ይፈለጋል።

የቆሎ ተማሪ

የቅኔና የድጓ ትምህርት በሚበዛበት አገር «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ድምፅ በየጧቱ ከደጃፍ አይጠፋም። ለሽማግሎቹ ይህ ከጸሎት የማይተናነስ ግዴታ ነው። ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ ተማሪ ሲመጣ ውሻ ይታሰራል፤ ካልታሰረ ልጁ ተነክሶ ይሄዳል፣ ሌሎቹም ያንን ደጅ ይርቁታል። በበጋ ቁራሽ እንጀራ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉታል። በሐምሌና በነሐሴ ግን እንጀራ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ ጎተራም ይጎድላል፤ በዚያ ወራት ጥሬ ወይም ቆሎ መስጠት ይሻላል። ለዚህ የሚሆን አንድ ቁና እህል ለይተው በግንቦት የሚያስቀምጡ ቤቶች አሉ፤ ከምጽዋት ዓይነት ሁሉ ጠቃሚው ይኸኛው ነው።

ሱባኤና ጉዞ

በፍልሰታ ብዙዎቹ ከቤታቸው ወጥተው በደብሩ ቅጽር ይሰፍራሉ፤ ባል ከወንዶች፣ ሚስት ከሴቶች ጋር። ጎጆው በሐምሌ ካልተከደነ ዝናቡ ከጸሎት በላይ ያስቸግራል። በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ጨው፣ ቁርበትና ደረቅ እንጨት አስቀድሞ ይገባል። ሌሊቱ በሰዓታት፣ ረፋዱ በውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ቀትሩ በቅዳሴ ያልፋል።

ለመሳለም መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ይኬዳል፤ ለጸበል ግሽ ዓባይ። በጣና ግን ባልና ሚስት አብረው የማይገቡበት አለ፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። አብረው መሳለም የሚፈልጉ ወደ ዘጌ ይሄዳሉ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሁለቱም ክፍት ነው።

ሕመምና ጾም

የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ቆራቢዎች ትልቁ አደጋ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ መዋል ራስን ያስታል፤ መድኃኒቱንም መተው ሌላ ጉዳት አለው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ጾምን ታቀላለች፤ የነፍስ አባት ይፈታል። ችግሩ ሽማግሎቹ መፈታቱን እንደ ውድቀት ስለሚያዩት ነው። የሚሠራው መንገድ የነፍስ አባቱ ሕመሙን እንዲያውቅ፣ ሐኪሙም የጾሙን ሰዓት እንዲያውቅ ማድረግ ነው፤ ያኔ የመድኃኒቱ ሰዓት ሊቀየር ይችላል።

መመንኮስ

ከቁርባን ቀጥሎ የሚመጣው፣ ለጥቂቶች፣ ምንኩስና ነው። ባል ያለ ሚስቱ ፈቃድ፣ ሚስትም ያለ ባሏ ፈቃድ አይመነኩሱም። ደረጃው ቀሚስ፣ ቅናት፣ ቆብ፣ አስኬማ ነው፤ በቤቱ የሚኖር ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ በቆብ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እሱ «አባ»፣ እሷ «እማሆይ» ይባላሉ፣ ልጆቻቸውም ጭምር እንዲህ ይጠሯቸዋል፤ መኝታቸው ይለያል። ገዳም የሚገቡ አሉ፤ የሚበዙት ግን በጧሪ ልጃቸው ግቢ በተለየ ጎጆ ይኖራሉ።

ወራሽ የሌላቸው ወይም ልጆቻቸውን ማስቸገር የማይፈልጉ የቁም ተዝካር ያወጣሉ፦ ካህናቱንና ድኃውን በሕይወታቸው ያበላሉ። ለዚህ በሬ መሸጥ የተለመደ ነው፤ በእኩል የሚያርሰው ሰው በዚያ በሬ የሚያርስ ከሆነ ግን የዘር ወቅት ሳይገባ ሊነገረው ይገባል። አንዱ ሲሞት የቀረው ወገን ብዙ ጊዜ ወዲያው ቆብ ይጭናል። የደብተሩ ስም፣ የእኩሉ ውልና የጧሪው ልጅ ጉዳይ ያኔ እንደገና በሽማግሌ ፊት ይታያል፤ ከ40 ቀን ተዝካር በፊት ቢያልቅ ይመረጣል፣ ዘመድ ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ላይ ስለሚገኝ ያላለቀ ክርክር እዚያው ይነሣልና።