የቤኒን የነሐስ እንስሳት

በደቡብ ናይጄሪያ ኤዶ ግዛት የምትገኘው ቤኒን ከተማ የጥንቱ የቤኒን መንግሥት መናገሻ ናት፤ ቤኒን ከተባለችው ጎረቤት አገር ጋር እንዳትምታታ። ለቤተ መንግሥቱ የተሠሩት ቅርጾች በዓለም ዘንድ «የቤኒን ነሐሶች» ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ ናስ ናቸው። ብዙው ናስ የተገኘው ፖርቹጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለንግድ ማምጣት ከጀመሯቸው ማኒላ የተባሉ አምባሮች ነው።

ከእንስሳቱ ቀዳሚው ነብር ነው። ጫካውን የሚገዛው እሱ ስለሆነ የኤዶ ሕዝብ ንጉሡን፣ ኦባን፣ «የቤት ነብር» ይላቸዋል። ነብር አድኖ ለቤተ መንግሥት የሚያቀርብ ማኅበር ነበር፤ በነፍስ መፍረድ የኦባ ብቻ እንደሆነ ሁሉ ነብር መሠዋትም የእሳቸው ነበር። የጦር አለቆች በወገባቸው የሚያንጠለጥሉት የነብር ፊት ሥልጣናቸው ከንጉሡ የመጣ መሆኑን ያሳያል። እጅግ የረቀቀው ግን የኦባ ማስታጠቢያ ነው፦ ገላው በነጠብጣብ የተሸፈነ፣ በአራት እግሩ የቆመ ነብር። ውሃው አናቱ ላይ ባለው ክዳን ይገባና በአፍንጫው ቀዳዳዎች በንጉሡ እጅ ላይ ይወርዳል።

ዘንዶ የውቅያኖስና የሀብት አምላክ የሆነው የኦሎኩን መልእክተኛ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ጣራ ቁልቁል የሚወርዱ ትልልቅ የናስ ዘንዶዎች ነበሩ። አውራ ዶሮ ደግሞ በእቴጌ እናት መሠዊያ ላይ ይቀመጣል። የወፉ ታሪክ ለየት ይላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦባ ኤሲጊዬ ኢዳ የተባለውን የጎረቤት መንግሥት ጦር ሊገጥሙ ሲወጡ አንዲት ወፍ ሽንፈት ተነበየች ይባላል። ንጉሡ ወፏን አስገድለው ዘመቱ፣ ድልም አደረጉ። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ በበዓል ቀን የናስ ወፍ ይዘው ምንቃሯን በዘንግ ይመታሉ። ሟርት ንጉሥን እንደማይመልስ የሚነገርበት ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ማግኘት ይከብዳል።

ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የኢጉን ኤሮንምዎን ማኅበር ሙያ ነው፤ የኢጉን ጎዳና ሠራተኞች ዛሬም አልተዉትም። የሸክላ አፈር እምብርት በሰም ይለበጣል፣ ጢሙና ነጠብጣቡ በሰሙ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ በጭቃ ይሸፈናል። ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠ ናስ ቦታውን ይይዛል። ዘዴው ለአገራችን መስቀል ሠሪዎችም እንግዳ አይደለም። ቅርጹ የሚወጣው ጭቃው ተሰብሮ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አይመሳሰልም።

በየካቲት 1897 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቅርሶች ተዘረፉ፣ ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር ተጋዙ። ከመሠዊያ የተነቀለ አውራ ዶሮ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ጌጥ ሆኖ መቅረቱ ከዝርፊያው ያላነሰ በደል ነው። የካምብሪጁ ጂሰስ ኮሌጅ አንድ አውራ ዶሮ በ2021 መለሰ፤ ጀርመን በ2022 ከ1,000 በላይ ቅርሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈች፤ በ2023 ደግሞ የናይጄሪያ መንግሥት የሚመለሱት ቅርሶች ባለቤት ኦባው መሆናቸውን አወጀ።