የጥርስ ፍሎሮሲስ ምንድን ነው? የበለዘ ጥርስስ እንዴት ይታከማል?

በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ባደጉ ብዙ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም፤ ጥርስ ባለመፋቅም አይመጣም። ፍሎሮሲስ ይባላል። ቋሚ ጥርሶች ገና መንጋጋ ውስጥ እየተሠሩ ሳለ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ልጁ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ሲጠጣ የጥርሱ የውጭ ሽፋን (ኢናሜል) ማዕድኑ ሳይሞላ ይቀራል፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይኖሩታል። ጥርሱ ሲበቅል ኖራ የመሰለ ነጭ ነው። ቡናማው የሚመጣው በኋላ፣ ቀዳዳዎቹ ቀለም እየመጠጡ ሲሄዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ።

ስለዚህ የጥርስ እጥበት ብቻውን አያስለቅቀውም፤ እጥበት የሚያነሣው ላዩ ላይ የተጋገረውን ነው። በከሰል፣ በአመድ ወይም በሎሚ ማሸት ደግሞ ደካማውን ኢናሜል ይበልጥ ይጎዳል።

ሕክምናው የሚመረጠው በጉዳቱ ጥልቀት ነው። ነጠብጣቡ ነጭና ቀላል ከሆነ ጥርሱን ማንጣት ይበቃል። በጥርሱ ልክ በተሠራ ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ ጄል ተደርጎ ማታ ማታ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጠብጣቡ ጭራሽ ጎልቶ ሊታይ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ የቀረው የጥርሱ ክፍል ሲነጣ ልዩነቱ ይጠባል። ቀዝቃዛ ነገር ሲያም ጄሉን አንድ ሁለት ቀን ማቆም ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ብታቆየው ይሻላል።

ቡናማው ላዩ ላይ ከሆነ ማይክሮአብሬዥን በጣም ይረዳል። ሐኪሙ ድዱን በስስ ጎማ ከሸፈነ በኋላ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሻካራ ዱቄት ባለው ቅባት ጥርሱን ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ ያሻል። የሚነሣው ኢናሜል ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። በመጨረሻ ፍሎራይድ ይቀባል፤ ተሠርቶ ባለቀ ጥርስ ላይ በውጭ የሚቀባ ፍሎራይድ ያጠነክራል እንጂ አያበልዝም። ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት የሚገኘው ከዚህ ቀጥሎ ማንጣት ሲጨመር ነው።

ጥርሱ የተቦረቦረ ከሆነ ቦታው በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ይሞላል። እዚህ ላይ ሥራው የሚበላሽባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ፍሎሮሲስ ያለበት የኢናሜል ገጽ አሲድን ስለሚቋቋም ቀድሞ ካልተሻከረ ወይም አሲዱ ከተለመደው በላይ ካልቆየ ሙሌቱ አይጣበቅም፤ በወራት ውስጥ ይወልቃል። ሁለተኛው፣ ከማንጣት በኋላ ጥርሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያው እንዳይጠነክር ስለሚያደርግ ቢያንስ 2 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ኮምፖዚት ራሱ ስለማይነጣም የጥርሱ ቀለም ቀድሞ መስተካከል አለበት። ቡናና ሻይ ያጠቁረዋል፤ ደግነቱ ሲሰበር እዚያው ይጠገናል።

የሸክላ ቬኒር (በጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) የሚመጣው ሌላው ካልበቃ ነው። የጥርሱ ፊት ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሞረዳል፤ የተሞረደው ደግሞ አይመለስም፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በየጊዜው ቬኒር መቀየር ይኖርበታል። የጥርሱ ቡናማ ደማቅ ከሆነ በስስ ቬኒር ሥር ያሳያል። በእንቅልፉ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ማታ መከላከያ ካላደረገ ይሰነጥቀዋል። ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ) ጥርሱን ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚያስሞርድ በመሆኑ ለተሰባበረ ጥርስ ነው። ቀለሙ ብቻ ለተበላሸ የወጣት ጥርስ ገና ከመጀመሪያው ክራውን የሚያቀርብ ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ አይስማሙ።

ቤት ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ካሉ የሚጠጡት ውሃ ይመርመር። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወጣም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠኑ እንዲያውም ይጨምራል። የዝናብ ውሃ፣ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ መሆኑ የተረጋገጠ ምንጭ ወይም በተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ ግን ይረዳል። ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነው ውሃ ካነሰ ለልጆቹ መጠጥና ምግብ ማብሰያ ይቅደም፤ ለልብስና ለገላ የጉድጓዱ ውሃ ችግር የለውም።