ስለ አረጋውያን ዴይ ኬር በአሜሪካ፦ የሚወራውና እውነታው

«እናቴንማ የትም አልጥልም»

ዴይ ኬርን (አረጋውያን ቀን የሚውሉበትን ማእከል) ከነርሲንግ ሆም (እየኖሩ ከሚጦሩበት ቤት) ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው። ዴይ ኬር ውስጥ ማንም አያድርም፤ ጠዋት ቫን ከደጅ ይወስዳቸዋል፣ ምሳ በልተው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ።

«ሜዲኬር ይከፍላል»

መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የፌዴራል ጤና መድን) ለዴይ ኬር አይከፍልም። በአብዛኛው የሚከፍለው ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን) ነው፣ እሱም እንደየስቴቱ። ሜሪላንድ ውስጥ «ሜዲካል ዴይ ኬር» ለማግኘት ገቢ ማነሱ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ያህል እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው መረጋገጥ አለበት። በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች ደግሞ በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። እስከዚያ 60 ዓመት ለሞላቸው ሌላ ድጋፍ ካለ የካውንቲውን የአረጋውያን ቢሮ ጠይቁ።

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው ነርስ ይህን የእንክብካቤ ፍላጎት በምትገመግምበት ቀን ነው። ነርሷ «ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?» ትላለች። እማማ በእንግዳ ፊት መዋረድ አይፈልጉምና «ተመስገን፣ ምን ሆኜ!» ይላሉ። የምታስተረጉመው ልጅም አፍራ ዝም ትላለች። ወረቀቱ ላይ ራሳቸውን የቻሉ ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ሳምንት ሙሉ መዝግቡ፦ ገላቸውን ሲታጠቡ ማን እንደያዛቸው፣ ሌሊት ስንቴ ተደግፈው ሽንት ቤት እንደሄዱ፣ መውደቃቸውን፣ መድኃኒት ደግመው መዋጣቸውን፣ ምድጃ ለኩሰው መርሳታቸውን። ነፃ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

«ሜዲኬይድ ከከፈለ በቃ፣ ነፃ ነው»

55 ዓመት ከሞላው በኋላ ለአንድ ሰው የወጣውን ወጪ ስቴቱ ሰውየው ካረፈ በኋላ ከውርሱ፣ ከቤቱም ጭምር፣ ሊጠይቅ ይችላል። የትዳር ጓደኛ በሕይወት እያለ ግን አይጠይቅም። ቤት ያላቸው ማመልከቻውን ሳይፈርሙ ጠበቃ ያማክሩ።

«ቡና ጠጥቶ ካርታ መጫወት ነው»

ቡናውም ካርታውም አለ፣ እሰየው። ሜዲካል በሚባለው ግን ነርስ አለች፤ ግፊትና ስኳር ትከታተላለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች። መድኃኒቱ በፌስታል ተጠቅልሎ አይላክም፤ ፋርማሲው ስም በለጠፈበት ዕቃ ይሁን።

ጾምን ቀድማችሁ ንገሩ። ዋናው ጉዳይ የሽሮ መኖር አይደለም፤ ጠዋት ግሊፒዛይድ (የስኳር በሽታ ክኒን) ወይም ኢንሱሊን ወስደው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ይወርዳል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘባርቃሉ፤ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። የስኳር መለኪያው ከ70 (mg/dL) በታች ካሳየ ግማሽ ኩባያ ጭማቂ (15 ግራም ያህል ስኳር) ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ 911 ይደወላል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ጹም ብላ አታስገድድም፤ እማማ ይህን ከንስሐ አባታቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

«አንድ ቀን ሄደው አለቀሱ፣ አልተስማማቸውም»

የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው በሳምንት አንዴ መሄድ ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያ ቀን ነው። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀኖቹን ሳትቀያይሩ፣ ቢያንስ አንድ ወር ሞክሩት። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ካለ ቫኑን እሱ ይቀበል። ነጠላውን ደግሞ ጠዋት ከኋላ እሰሩላቸው፤ ጫፉ ዎከሩ (የሚደገፉበት መራመጃ) ጎማ ውስጥ ከገባ ቫኑ ደጃፍ ላይ ይወድቃሉ።